ከፓምፑ ሥር የወጣው ብራና

ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ የቮልስ ድምፅ ሰማሁ። የቮልስን ሞተር የማያውቅ ሰው የሩቅ ወፍጮ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ከሦስት ሰፈር ማዶ ሲመጣ እለየዋለሁ። መኪናዋ እየተንቀረፈፈች መጥታ እኔው በር ላይ ቆመች። ቀለሟ ገና አዲስ፣ ጠርዟ ሁሉ የሚያብለጨልጭ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች እኛ ቆሻሻ ላይ የጣልነውን መኪና እየፈለጉ «ክላሲክ» ይሉታል አሉ። መነጽር ያደረገ ጎረምሳ ወርዶ በአክብሮት እጅ ነሳኝ።

«አባባ፣ ጋራዥ ያሉት ሰዎች እርስዎን ጠይቅ ብለውኝ ነው። ወደ ባሕር ዳር እየሄድኩ ነበር። ካርቡራተሩ ቤንዚን ይተፋል። ሁለት ጊዜ ቀየርኩት፣ አልሆነም። የቤንዚኑ ጥፋት ነው የሚሉኝም አሉ።»

«ፓምፑን የቀየርከው መቼ ነው?» አልኩት።

«ባለፈው ወር። እንዴት አወቁ?»

«ካርቡራተርህን ተወው፣ ምንም አላደረገህም። ፓምፑ ግፊቱ በዝቶበታል። ፍታና ከሥሩ ጓርኒሲዮን፣ ያችን ስስ መደረቢያ፣ ጨምርበት፤ አንድ እየጨመርክ እየው።»

እዚያው በሬ ላይ ፈታው፣ ጨመረበት፣ አስነሳው። አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ልጁ በደስታ አቅፎኝ አብሬዎት ፎቶ ካልተነሳሁ አለ፤ ተነሳሁለት። እሱ ከሄደ በኋላ ባለቤቴ ምሳ አቀረበችልኝ፤ ሽሮው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አየሁት። «ምነው፣ አመመህ?» ብትለኝ «ቤንዚን ሸቶኝ ነው» አልኳት። አልዋሸሁም፤ ግን ሁሉንም አልነገርኳትም።

ያልነገርኳት ነገር ሲሆን የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ባሕር ዳር ሙያ ተምሬ ተመልሼ፣ ደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ መውጫው ላይ በነበረ ጋራዥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። አባቴ ዳዊት እስክደግም ድረስ ከየኔታ እግር ሥር አላነሳኝም። ስለዚህ ራሴን በሁለት ወገን የተማረ አድርጌ እቆጥር ነበር፤ ሞተርም አውቃለሁ፣ ፊደልም አውቃለሁ። አሁን ሳስበው ከሁለቱም የያዝኩት ጫፍ ጫፉን ነበር። ጫፍ የያዘ ሰው ግን ሥሩን የያዘ ነው የሚመስለው። በዚያ ላይ የጋራዡ ባለቤት አርጅተው ቤት ከዋሉ በኋላ የሚያርመኝ ሰው አልነበረም። ሰው «ታፈረ ከነካው ይነሳል» ሲለኝ አምኜ ነበር።

ጋሽ ኑሩ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። የትውልድ አገራቸው ቁይ ነው፤ ሱቃቸው ግን ደብረ ማርቆስ ገበያው አጠገብ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። አረንጓዴ ቮልስ ነበረቻቸው። አሮጌ ናት፤ ያን ጊዜም አሮጌ ነበረች። ቢሆንም ቀላል በመሆኗ ሌላው መኪና ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ እሷ በላዩ ትሄዳለች። በክረምት መውጫ የቁይን መንገድ የሚደፍሩት የመንግሥት ላንድሮቨሮችና የጋሽ ኑሩ ቮልስ ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። አውቶቡስ የሚገባው ለቅዳሜ ገበያ ነው፤ እሱም ዝናቡ ከፈቀደ።

መስከረም ውስጥ አንድ ሰኞ ቀን መኪናዋን በሰው አስገፍተው ጋራዥ አስገቧት። የነዳጅ ፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ጎማ ተቀዶ ነበር። አዲስ ፓምፕ ከአዲስ አበባ እንዲላክ አስቀድመው ነግረዋል፤ ማክሰኞ በአውቶቡስ ይደርሳል።

«ታፈረ፣ ሐሙስ በጠዋት መነሳት አለብኝ» አሉኝ። «የግድ ነው። ስሜነህን ላመጣው ነው።»

መሪጌታ ስሜነህ የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው። ቁይ አጠገብ ነው የሚኖሩት፤ ቁም ጸሐፊ ናቸው። የፍየል ቆዳ ራሳቸው ፍቀው፣ ብራና ዳምጠው፣ ቀለም ራሳቸው በጥብጠው መጽሐፍ ይጽፋሉ። እጃቸውን የሚያውቅ ሰው፣ እሳቸው የጻፉትን ዳዊት ሳይገልጥ ከሩቅ ያውቀዋል ይባል ነበር። የግራ ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሁን ደግሞ ቀኙ ቀልቶ፣ ራሳቸውን እየፈለጣቸው፣ እያስመለሳቸው ነው። የጤና ጣቢያው ሰው «የዓይን ግፊት ነው፣ በአስቸኳይ ይታዩ» ብሎ ጽፎላቸዋል። በዚያ ሳምንት ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጡ የዓይን ሐኪሞች ከተማችን ሆስፒታል ገብተው ነበር። የሚቆዩት እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ድረስ ነው።

«በበቅሎ ቢመጡስ?» አልኳቸው።

«ራሱን ያዞረዋል፤ ኮርቻ ላይ አይረጋም። ተኝቶ ነው መምጣት ያለበት። የኋላውን ወንበር አንጥፌ አስተኛዋለሁ።»

ማክሰኞ ፓምፑ ደረሰ፤ ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ስስ የወረቀት ጓርኒሲዮን አብራው ነበረች። አሮጌውን ፓምፕ ፈታሁት። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ፓምፑ ከላዩ ላይ ይቀመጣል፤ ከሥር አንዲት የብረት ዘንግ እየወጣችና እየወረደች ትገፋዋለች። አንስቼ ሳየው በፓምፑና በሞተሩ መካከል አንድ ወፍራም ነገር ተደርቧል። በጥፍሬ ለየሁት፤ አራት ነው። ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ወረቀት አይደለም፣ ቆዳም አይደለም። በጨርቅ ጠርጌ ወደ ብርሃን ሳወጣው ብራና ነው። በአንደኛው ላይ ፊደል አለበት። ፊደሉ ቀይ ነው።

ለዚህ አገር ሰው ይህ ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው ልንገር። በብራና መጽሐፍ ላይ ሌላው ቃል በጥቁር ይጻፋል፤ የአምላክና የቅዱሳን ስም ግን በቀይ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ በቀይ የተጻፈ ስም ላይ ጣቴን ሳላሳርፍ፣ በስንደዶ እየጠቆምኩ ነው ያነበብኩት። ፊደሉ ዘይት በልቶት አይነበብም፤ ለማንበብም አልሞከርኩም። ቀይ መሆኑን አየሁ፣ በቃኝ። የተቀደሰ መጽሐፍ ተቀዶ፣ በመቀስ ተቆርጦ፣ በቦልት ተበስቶ ቤንዚን ሥር ተቀምጧል አልኩ። ማን አደረገው? መኪናው የጋሽ ኑሩ ነው። ጋሽ ኑሩ ደግሞ እስላም ናቸው።

ይህን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ። ሰውዬው ክፉ ነገር ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። እናቴ የጥምቀት ልብሷን የምትገዛው ከሳቸው ሱቅ ነው። ግን «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» በሚባልበት አገር ያደግሁ ነኝና ጠረጠርኩ። ከሌባ ገዝተው ይሆናል፣ ምን ገዶኝ ብለው ይሆናል አልኩ። አንድ ጥያቄ ብጠይቃቸው ያልቅ ነበር። አልጠየቅኳቸውም። ብራናውን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልዬ፣ እጄን ታጥቤ፣ ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ወስጄ ለቄሰ ገበዙ ሰጠሁ። «ወድቆ አገኘሁት» አልኳቸው። ተሳልመው ተቀብለው ዕቃ ቤት አስገቡት። ስመለስ በልቤ ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አዲሱን ፓምፕ በዚያች በአንዲት ስስ ወረቀት ላይ አስቀምጬ አሰርኩት። መኪናዋ ወዲያው ተነሳች። ከዚያ ቤንዚን ሸተተኝ። ካርቡራተሩ አፍ አፉን ሞልቶ፣ ቤንዚኑ በጎኑ እየወረደ ትኩስ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። አጠፋሁት።

ረቡዕን ሙሉ ከካርቡራተሩ ጋር ስታገል ዋልኩ። ፈታሁት፣ አጠብኩት፣ ቤንዚኑን የምትዘጋዋን መርፌ ቀየርኩ፣ ውስጡ ያለውን ተንሳፋፊ ዝቅ አደረግሁ፤ መልሼ አሰርኩት፤ ያው ነው። ጋሽ ኑሩ ሦስት ጊዜ መጥተው ሄዱ። በአራተኛው አልሄዱም፤ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ያዩኛል። አንዴ ብቻ «ይደርሳል ወይ?» አሉኝ። «ይደርሳል» አልኳቸው፤ ሳላያቸው።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ካርቡራተሩ የሚገባውን ቱቦ ነቅዬ ሞተሩን አስነሳሁት። ቤንዚኑ ተፈናጥሮ የጋራዡን ግድግዳ መታው። ያኔ ገባኝ። ጥፋቱ የካርቡራተሩ አይደለም፤ ፓምፑ ነው አብዝቶ የሚገፋው። ከሥሩ ያለው ድርብ ሲሳሳ ዘንጓ ጠልቃ ትገባና ፓምፑን ከልኩ በላይ ትገፋዋለች። አራቱ ብራና ድሪቶ አልነበረም፤ ልኩ እሱ ነበር። አንድ አዋቂ ሰው ቁጭ ብሎ፣ አንድ በአንድ እየጨመረ ያገኘው ልክ ነው።

ሁሉን ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ባለማወቅ አልነበረም፣ አውቄ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ሩቅ አልነበረም። ሄጄ «አባ፣ ያን መልሱልኝ» ማለት እችል ነበር። ግን የተቀደሰውን እንዴት ቤንዚን ውስጥ እመልሰዋለሁ? ለጋሽ ኑሩስ ምን እላለሁ? ስለዚህ የጫማ ካርቶን ፈልጌ፣ በመቀስ አራት ቆርጬ፣ በልኩ አስገባሁ። መፍሰሱ ቆመ። ጋሽ ኑሩ ከጎማው ተነስተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔም ካርቶንና ብራና አንድ መስሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሐሙስ ሲነጋ ተነሳን። ድንገት ቢበላሽ ብለው እኔም አብሬ እንድሄድ ለመኑኝ። ዝናቡ አባርቷል፤ የጮቄ ተራራ ብርድ ግን በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። መንገዱ ለምለም ሣር መሐሉ ላይ የበቀለበት ጭቃ ነው። በግራና በቀኝ ኑጉ አብቦ መሬቱ ሁሉ ቢጫ ሆኗል፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። በየመንደሩ አፋፍ የእሸት በቆሎ ጭስ ይሸታል። ጋሽ ኑሩ እየነዱ ስለ መሪጌታ ያወሩኛል፤ ልጆች ሆነው ከብት ስላጠፉበት ቀን፣ ስለ ገረፏቸው ሽማግሌ። ደስ ብሏቸው ነበር። ካንዱ መንደር ስናልፍ በእጃቸው ወደ ኋላ እየጠቆሙ «ጥቅሉን አንሳና ብላ» አሉኝ። «ሥጋችን አይገናኝም ብዬ ዳቦና ማር ነው ያስያዝኩት።»

ጎረስኩ። የቀረውን መልሼ ጠቀለልኩት።

ፀሐዩ ጠንከር ሲል ቤንዚን ሸተተኝ። ለሳቸው ሳልነግር መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ። ሽታው ባሰ። ጋሽ ኑሩ ራሳቸው አቆሙ። ኮፈኑን ስከፍተው ያው ነው፤ ቤንዚኑ ሞተሩ ላይ እየወረደ ይጨሳል። ፓምፑን ፈትቼ ሳየው ካርቶኑ ዘይት ጠጥቶ፣ ቦልቱ ጨፍልቆት እንደ እርጥብ ቂጣ ሆኗል።

ጋሽ ኑሩ አጎንብሰው አዩት። ከዚያ «ያ ብራና የታለ?» አሉኝ።

ጨርቅ አንስቼ ቦልቱን እጠርግ ጀመር።

«አንድ ክረምት እዚህ አካባቢ ነው እንዲሁ ቤንዚን እየተፋች ያቆመችን። ስሜነህ አብሮኝ ነበር። እኔ መካኒክ ፍለጋ በእግሬ ልሄድ ስል እሱ ኮሮጆውን ከፍቶ የብራና ቁራጭ አወጣ። ቀለም የሚሞክርበት ነው። ‹ይኼ ዘይትም ውኃም አይበግረውም፣ እንሞክረው› አለ። በካራ ቆረጠው። አንድ አደረግን፣ ይፈሳል። ሁለት አደረግን፣ ይፈሳል። አራት ሲሆን ቀጥ አለ።» ሳቅ አሉ። «ከዚያ ወዲህ ማንም ሲነካው ‹የስሜነህን ብራና እንዳትጥሉብኝ› እላለሁ። ላንተ መናገሩን ረሳሁት፤ ሐሳቤ ሁሉ እሱ ዘንድ ስለሆነ ነው። የት አደረግኸው?»

ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦ «በስብሶ ነበር፣ ጋሼ። ጣልኩት።»

«አይ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ፤ በቃ ይህን ብቻ። አመኑኝ።

የጫማዬን ምላስ ቆርጬ ሞከርኩ፤ ቆዳው ለስላሳ ነው፣ ተጨፈለቀ። ሁለት አድርጌ ደረብኩ፤ አሁን ደግሞ ወፍሮ ፓምፑ ጭራሽ አልስብ አለ። የቀረውን ካርቶን ደረብኩ፤ ትንሽ ሄደን ቆምን። እንደገና ትንሽ ሄደን ቆምን። በመጨረሻ ቤንዚኑ ራሱ ፈስሶ አለቀ። ስድስት ሰዓት ሆኗል። ከፊታችንም ከኋላችንም የሚመጣ መኪና የለም።

ጋሽ ኑሩ ወደ ቁይ በኩል አዩ። «አንተ ወጣት ነህ፣ እግር አለህ» አሉኝ። «ሂድና በቅሎ ይፈልጉለት። ያዙርበትም ያስመልስበትም፣ ነገ ዶሮ ሲጮኽ አስነሳው። እኔ እዚህ እጠብቃለሁ።»

በአንድ እግሬ ምላስ የሌለው ጫማ አድርጌ ጭቃውን ተያያዝኩት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስኩ። መሪጌታ በራፋቸው ላይ ቁርበት ላይ ተቀምጠው፣ ራሳቸውን በነጠላ ጥፍር አድርገው አስረው ነበር። አጠገባቸው ያልተጠረዘ ዳዊት ተቀምጧል፤ ከግማሽ በላይ ተጽፏል፣ የቀረው ገጽ መስመር ብቻ ተሰምሮበት ባዶ ነው። መኪናው መቆሙን ስነግራቸው የመጀመሪያ ቃላቸው «ኑሩ ደህና ነው? ብርድ ላይ ጥለኸው መጣህ?» የሚል ነበር።

ዓርብ ገና ዶሮ ሲጮኽ በቅሎ ላይ አስቀመጥናቸው። አንድ የወንድማቸው ልጅ ከግራ፣ እኔ ከቀኝ ደግፈናቸው ሄድን። በየጉብታው ያስመልሳቸዋል፤ ወርደው መሬት ላይ ይተኛሉ፤ እንደገና እንጭናቸዋለን። መኪናዋ ዘንድ ስንደርስ ጋሽ ኑሩ ፊታቸው በብርድ ጠቁሮ ተቀምጠው አገኘናቸው። የበቅሎዋን ልጓም ተቀብለው ከፊት ከፊት ይሄዱ ጀመር። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጭቃ፣ ልጓሙን ለማንም አልሰጡም። እኔ ፀሐይዋን እያየሁ ነበር የምሄደው። ጥላዬ ከእግሬ ሥር ሲገባ አሁን ስድስት ሰዓት ሆነ አልኩ። ከተማው ገና አይታይም።

ሆስፒታሉ በር የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ የታሰረ ሰዎች ፀሐይ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ዘመዶቻቸው ዳቦ ያጎርሷቸዋል። አንዲት ነርስ ወጥታ የጤና ጣቢያውን ወረቀት አነበበች፣ መሪጌታን አየቻቸው፣ ፊቷ ተለወጠ። «ከሦስት ሰዓት በፊት ሄዱ እኮ» አለች። «አዲስ አበባ ውሰዷቸው። አሁኑኑ ውሰዷቸው።»

አዲስ አበባ ወሰዷቸው። እዚያም ወረፋ ነበር። የተመረመሩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሐኪሙ ግፊቱ ነርቩን ገድሎታል፣ ከዚህ በኋላ የሚደረግ የለም አላቸው። ሕመሙ ተወላቸው። ብርሃኑም አብሮ ሄደ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። እኔ ጠርጥሬ ሌላ ሰው አስመነጠርኩ። ቀን ሥራ እየሠራሁ፣ ከሰው እየተጫወትኩ እውላለሁ፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣሁ። ታኅሣሥ ላይ፣ እህል ተወቅቶ የገለባ ሽታ አገሩን በሞላበት ጊዜ፣ ለቅዳሜ ገበያ በሚሄደው አውቶቡስ ቁይ ሄድኩ። መሪጌታ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከዓመል ሊሆን ይችላል፣ አንድ ባዶ ብራና ጉልበታቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ይዳስሱታል። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ብራናውን፣ ቀዩን ፊደል፣ ቄሰ ገበዙን፣ ካርቶኑን፣ ውሸቱን።

እስክጨርስ ድረስ አላቋረጡኝም። ከዚያ «ቀዩ ቀለም ገና አልገራ ብሎኝ ስሞክረው የጻፍኩት ነው» አሉ። «ሀ ሁ ነው። ስመ አምላክ ያለበትን እኔ በካራ እቆርጣለሁ?»

«የርስዎ መሆኑን አላወቅሁም።»

«አላወቅህም። የኑሩ ነው ብለህ አሰብክ።»

አንገቴን ደፍቼ መሬቱን ጫር ጫር አደረግሁ።

«ተናገር እንጂ። ኑሩ ንቆ፣ ሃይማኖታችንን አዋርዶ አደረገው ብለህ።»

«አዎ፣ መሪጌታ።»

ዓይናቸው ወደ እኔ ዞሮ ነበር፤ ግን እኔን አያይም። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢረግሙኝ ደስ ባለኝ።

«ለሱ ነገርከው?» አሉኝ።

«በስብሶ ጣልኩት ነው ያልኳቸው። አሁን ግን ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ...»

«አትነግረውም» አሉ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠነከረ። «ስማኝ፣ አንተ ልጅ። ሐኪሞቹ ቢያገኙኝም ላልድን እችል ነበር፤ እሱን እግዜር ያውቃል። አልከስህም። ለኑሩ ግን ይህን ከነገርከው፣ ተወልዶ ያረጀበት አገር በልቡ እንዲህ ያስበው እንደነበር ያውቃል። ደግሞ የስሜነህ ዓይን የጠፋው እኔ እስላም በመሆኔ ነው ይላል። ሌላ ነገር አይልም፤ እኔ አውቀዋለሁ። ይህን ተሸክሞ እንዲኖር አልፈልግም።» እጃቸውን ሰድደው ራሴን ፈልገው አገኙና ያዙት። «አንተ ተሸከመው።»

የንስሐ አባቴ ከዚያ በኋላ ጾምም ስግደትም አዘዙኝ፤ ፈጸምኩት፣ አለቀ። የመሪጌታ ቀኖና ግን ማለቂያ የለውም። እሳቸው ዓሥራ አንድ ዓመት በጨለማ ኖረው አረፉ። ዳዊቱን ሌላ ጸሐፊ ጨረሰው። አይቼዋለሁ፤ እጁ የሚለወጥበትን ገጽ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

ጋሽ ኑሩ ዛሬም በሕይወት አሉ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው። ከልጃቸው ጋር እዚሁ ከተማ ይኖራሉ፤ ጆሯቸው ትንሽ ከበደ እንጂ አእምሯቸው ሙሉ ነው። መኪናዋን እስኪሸጧት ድረስ ከኔ ሌላ መካኒክ አላስነኩም። ቢጣሉኝ፣ ቢያኮርፉኝ፣ «አንተ ነህ ያጠፋኸው» ቢሉኝ እንዴት ይቀለኝ እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ብዙ ጊዜ ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል። መሪጌታ ከሞቱ ወዲህ ከትእዛዛቸው የሚፈታኝ ሰው የለም። ዕድሜም ያቀልለዋል ብዬ ነበር፤ ዕድሜ የሚያቀልለው ሥጋን ብቻ ነው መሰለኝ።

ዓርብ ዓርብ ከስግደት ሲመለሱ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። የልጅ ልጆቻቸውን ይጠሩና ሁልጊዜ ያንኑ ይነግሯቸዋል፦ «ይኼ ሰው ለስሜነህ ብሎ ጫማውን ቆርጦ፣ ቁይ ድረስ በእግሩ የሄደ ሰው ነው።» ልጆቹ በአድናቆት ያዩኛል። ከዚያ ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁኛል፤ ምርቃታቸው ረጅም ነው፣ ቤቴን፣ ልጆቼን፣ ጉልበቴን ሁሉ ይጠራሉ። ሲጨርሱ ሁልጊዜ «ዓይንህን ያብራልህ» ይሉኛል።

እኔም እጄን ዘርግቼ አሜን እላለሁ።